ስቃይ ከወዴት ይመጣል? (ስለ ቡድሃ ትምህርት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርለት መምህር ስም ለጆሯችን ከቡዳ ጋር ስለሚመሳሰል ርእሱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። «ቡድሃ» ግን በሳንስክሪት ቋንቋ «የነቃ» ማለት ነው። ታሪኩም ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። አባ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በራላምና ይዋሴፍ» የተባለው መጽሐፍ፣ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ስለ መነነ የንጉሥ ልጅ የሚናገር ሲሆን፣ የታሪኩ መነሻ የቡድሃ ሕይወት ነው። ከአገር ወደ አገር ሲዞር የክርስቲያን መጽሐፍ ሆኖ ደረሰን።

ይህን የምናኔ ታሪክ ብቻ የሰማ ሰው የቡድሃ ትምህርት ከዓለም መሸሽ ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ከመፍረዳችን በፊት ግን ትምህርቱን እንመልከት።

ቡድሃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ በሰሜን ሕንድ ያስተማረ ነው። በቤናሬስ ከተማ አቅራቢያ በሳርናት፣ ለአምስት ባልንጀሮቹ በሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ድሎትንም ሥጋን ማሠቃየትንም ነቅፎ መካከለኛውን መንገድ አሳየ። ከዚያም አራት እውነቶችን ተናገረ። አንደኛ፣ ሕይወት ስቃይ አለባት፤ መወለድ፣ ማርጀት፣ መታመም፣ መሞት፣ ከሚወዱት መለየት ስቃይ ነው። ሁለተኛ፣ የስቃይ ምክንያት «ጥማት» ነው፤ ይኸውም ሁሉ የእኔ ይሁን፣ የእኔ የሆነውም አይለፍ ማለት ነው። ነገር ግን በዓለም የማያልፍ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ጥማቱ ሲጠፋ ስቃዩም ይጠፋል፤ ይህም ኒርቫና ይባላል። አራተኛ፣ ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ፤ እርሱም ቀና አስተያየት፣ ቀና አሳብ፣ ቀና ንግግር፣ ቀና ሥራ፣ ቀና መተዳደሪያ፣ ቀና ጥረት፣ ቀና ማስተዋልና ቀና ተመስጦ ነው።

ምእመናኑም እንዳይገድሉ፣ እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩ፣ እንዳይዋሹ፣ የሚያሰክር እንዳይጠጡ ቃል ይገባሉ። በዚህ ሁሉ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አይጠራም፤ ሰው በገዛ ሥራው ይነሣል፣ በገዛ ሥራው ይወድቃል።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ስቃይ ከጥማት የሚመጣ ከሆነ፣ በሌላው ግፍ የሚራበውን ሰው «ጥማትህን ተው» ልንለው ነውን?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ በ1891 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ሕንዳዊው ዶክተር አምቤድካር ናቸው። «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን በመሆናቸው በትምህርት ቤት ለብቻቸው ይቀመጡ፣ የውሃውንም ዕቃ እንዳይነኩ ይከለከሉ ነበር። በኋላ የነጻይቱን ሕንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኑ። ቡድሃ ሰው በሥራው እንጂ በትውልዱ አይከበርም ብሎ አስተምሯልና፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1956 በናግፑር ከተማ በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ሃይማኖቱን ተቀበሉ። ከሞቱ በኋላ በ1957 በታተመው መጽሐፋቸው ግን፣ አራቱ እውነቶች እንደ ተለመደው ከተተረጐሙ ለሰው ተስፋ አይሰጡም ብለው ተከራከሩ። በዚህ ያልተስማሙ የቡድሃ ተከታዮችም ነበሩ።

እኛ ግን ሁለቱ አሳቦች የሚታረቁ ይመስለናል። ጥማት በተጠማው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ የአንዱ ስስት የሌላው ረኃብ ይሆናል። ስለዚህ «ጥማትህን ተው» የሚለው ቃል አስቀድሞ ለቀሚው እንጂ ለተቀማው ሊነገር አይገባም።

ነገ ተመርቀን ወንበርና ማኅተም የምንይዝ እኛም ይህን ቃል ከዛሬ ጀምረን ለራሳችን እንናገር።