ጆንያው ሳይታሰር የልጁ ይነሣ

(በፍኖተ ሰላም ከተማ በሕፃናት መክሰስ አዘገጃጀት ላይ ለተዘጋጀ ሥልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ከኋላ የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ወደ ፊት ጠጋ ብትሉ ደስ ይለኛል። ወሬው የምድጃ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ የጎተራና የገበያም ስለሆነ እናንተንም ይነካል።

ምዕራብ ጎጃም ጠግቦ የሚያበላ አገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ የቡሬ በርበሬው ከቤት አልፎ በመኪና እየተጫነ ይወጣል። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም አላት። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ልጆቻችን የነገረን ሌላ ነው። በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኙ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነበር። የአገሪቱ 38 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የክልላችን ወደ 41 ወረደ፤ የአገሪቱም 37 ሆነ። መሻሻሉ ጥሩ ነው፤ ግን ከአሥር ልጅ አራቱ ሲቀነጭር እፎይ አይባልም።

ጎተራ ሞልቶ ልጅ እንዴት ይቀነጭራል? ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የውሃው፣ የንጽሕናው፣ የእናቲቱ የራሷ ምግብም አለበት። ዛሬ የማነሣው ግን ሁላችንም በገበያ ቀን መንገድ ላይ የምናየውን ነው። እናት እንቁላሉን በገለባ ደርድራ በቅርጫት ይዛ ትወጣለች። ማታ ስትመለስ ልጁ ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷም ከነጠላዋ ጫፍ ከረሜላና ብስኩት ፈትታ ትሰጠዋለች። በፍቅር የምታደርገው ነውና ልወቅሳት አልቆምኩም። ሂሳቡን ግን እንየው፦ እንቁላል ከቤት ወጣ፣ ስኳርና ፍርኖ ዱቄት ገባ። በዚህ ንግድ ልጁ ከስሯል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ የልጁ ድርሻ ጆንያው ሳይታሰር፣ ቅርጫቱም ሳይሸፈን ይነሣ። ከሽያጭ የተረፈውን ሳይሆን ከሽያጭ በፊት የተነሣውን ይብላ። ይህን የሚወስነው ብዙ ጊዜ አባወራው ስለሆነ ነው ወደ ፊት ጠጋ በሉ ያልኳችሁ።

መክሰስ የማባበያ ነገር ይመስለናል። የሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚበቃውን መያዝ አይችልም። 6 ወር ሲሞላው ጡት ሳያቋርጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ ከ9 ወር በኋላ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ከሚበላው ሌላ በመሃል 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ እንዲያገኝ ይመከራል። በእንቁላል አስኳል የተለወሰ የተቀቀለ ድንች፣ የተፈጨ ዱባ፣ እርጎ፣ የበሰለ ማንጎ፣ ሁሉም መክሰስ ነው። መንገድ ሲዘጋ ብስኩቱ ከሱቅ ይጠፋል፤ ዱባው ግን ከጓሮ አይጠፋም።

ዳጉሳ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጠላና አረቄ ነው። በካልሲየም ግን ስንዴም በቆሎም አጠገቡ አይደርሱም፤ በብዙ እጥፍ ይበልጣቸዋል። ሦስት እጅ የዳጉሳ ዱቄት፣ አንድ እጅ ተቆልቶ የተፈጨ ሽምብራ፣ አንድ እንቁላል፣ ጥቂት ዘይት፤ በምጣድ ላይ ቂጣ ሆኖ ሲቆራረጥ ልጁ በእጁ ይዞ ይበላዋል። አጥንት የሚያጠነክረውን እህል አረቄ አውጥተንበት ልጁን በከረሜላ ማባበል ምን ይባላል?

ብቅልም ሌላ ሥራ አለው። እናቶች ለልጅ እንዲመች ብለው ገንፎውን በውሃ ያቀጥኑታል፤ ልጁም ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዓይናችሁ ታያላችሁ፦ ወፍራም ገንፎ ከእሳት ወርዶ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርበታል። ሲማሰል ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ፣ ጠብታ ውሃ ሳይገባበት፣ ይላላል። ከዚያ መልሶ ማንተክተክ ነው። እህሉ እንዳለ ነው፤ ልጁ ግን ያለ ችግር ይውጠዋል።

ግብጦን ሳላነሣ ጎጃም ቆሜ ብናገር ትስቁብኛላችሁ። በፕሮቲን የሚስተካከለው እህል ጥቂት ነው። ነገር ግን መራራነቱ መርዝ ነው። ተቆልቶ፣ በጆንያ ታስሮ ወንዝ ውስጥ ለቀናት የሚዘፈዘፈው በከንቱ አይደለም። ለልጅ ከመሰጠቱ በፊት አዋቂ ይቅመሰው፤ ጥቂት እንኳ ከመረረ ወደ ውሃው ይመለስ።

ያም ሆኖ ግብጦም ይሁን ሽምብራ፣ ቆሎ እንደ ቆሎነቱ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቃል። ይፈጭ፣ ወይም ንፍሮ ሆኖ ይድቀቅ። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይቀመስም፤ በአዋቂ ላይ ምንም የማያደርግ ጀርም ሕፃንን ሊመርዝ ይችላል። ወልዶ ያሳደገ አያት እዚህ ላይ እንደሚከራከረኝ አውቃለሁ፤ እንከራከራለን፣ ጊዜ አለን።

የቀረችው ጾም ናት። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ጹም አትልም። እናቶችን የሚያስጨንቃቸው ዕቃው መነካካቱ ነው፤ ጭንቀታቸውም የሚገባ ነው። ለልጁ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ይለይ። ከዚያ ወዲያ በዐቢይ ጾምም እንቁላሉ ይቀቀላል፤ የእናቲቱም ጾም አይጎድፍም።

የኔ ንግግር እዚህ ላይ ይብቃ። ሥልጠናው ተከፍቷል። ውሃውና ሳሙናው በሩ አጠገብ ነው፤ እጃችሁን ታጥባችሁ በአምስት በአምስት ወደ ምድጃዎቹ ሂዱ። አባቶችም ጭምር፤ ድንቹን የምትልጡት እናንተ ናችሁ።