ጤፍ፣ ፓተንት እና ክፍት ሳይንስ

ፓተንት የፈጠራ ባለቤት ሌሎች ያለፈቃዱ እንዳይጠቀሙበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት፣ እንዲከለክል የሚያስችል መብት ነው። በባዮቴክኖሎጂ ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ የምርምሩ መነሻ ብዙ ጊዜ ገበሬዎች በትውልዶች መርጠው ያቆዩት ዘር ነውና።

በኢትዮጵያ ማሳዎች የሚበቅለው ጤፍ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ጥቅም መጋሪያ ውል ተፈራረመች። ኩባንያው በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ግን ከሰረ። ኢትዮጵያም ከውሉ ያገኘችው እጅግ ጥቂት ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልሃት ይጎድለዋል ሲል በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው።

ሌላው መንገድ ክፍትነት ነው። በ2014 በበርን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን የጤፍን ጂኖም ረቂቅ ለሁሉም ክፍት አድርጎ አሳተመ፤ የትኛውም አዳቃይ ያለክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። በአሜሪካ በ2012 የተጀመረው የክፍት ዘር ንቅናቄ ደግሞ አንድ ግዴታ ያስቀምጣል፦ ዘሩን የወሰደ ያሻሽለው፣ ሌላውን ግን አይከልክል።

ክፍትነት ብቻውን የገበሬውን ድርሻ አያስከብርም። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጄኔቲክ ሀብት ከመወሰዱ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅና ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል።