«ውሃ» የሚለውን ቃል በኮምፒውተር መማር

አቅራቢ፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች በማሽን ማስተማር የዛሬ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር የማስተማሪያ ማሽን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። በ1960ዎቹ ሌላው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲድኒ ቢጁ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሬይኒየር ትምህርት ቤት፣ ንባብንና ሒሳብን በጥቃቅን ደረጃዎች ከፋፍለው ለእነዚህ ልጆች አቀረቡ።

ዛሬ በኮምፒውተር እንዴት ይሠራል? ስክሪኑ ላይ «ውሃ» የሚል ቃልና ሦስት ሥዕሎች ይወጣሉ። መጀመሪያ ትክክለኛው ሥዕል ወዲያው ብልጭ ይላል፤ ልጁ ይነካዋል። ቀስ በቀስ ፍንጩ በጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል። ካወቀው ቀድሞ ይነካል፤ ካላወቀው ፍንጩ ይደርስለታል። ብዙ ጊዜ «ተሳስተሃል» ለተባለ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኮምፒውተሩ መቶኛውን ጊዜም በዚያው ድምፅ ይደግምለታል።

ግን ስክሪን ላይ ያወቀው ቃል ጠርሙስ ላይ ሲያየው ሊጠፋበት ይችላል። ሁለቱን የሚያገናኝለት ሰው ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ መምህራን፣ አደራ፦ ታብሌቱን ሰጥታችሁ ብቻውን አትተዉት። ቃሉን ከጠርሙሱም፣ ከሱቁ ታፔላም ላይ አብራችሁት ፈልጉ።