ባለ ነጭ ማጅራቱ ቁራና የደሴቱ ዘመዱ



ቁራ በሀገራችን መልካም ስም ያለው ወፍ አይደለም። ከኖኅ መርከብ ተልኮ ስለ ቀረ፥ ዛሬም ሄዶ የማይመለሰውን ሰው ሁሉ «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን። በየመሥሪያ ቤታችን ለአንድ ፋይል ተልኮ እስከ ምሳ ሰዓት የሚጠፋው ሰው ይህን ስም ሳይሰማ የሚውል አይመስለኝም። የዛሬው ንግግሬ ግን ቁራን ለመንቀፍ አይደለም፤ በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ የምትኖሩ ሁሉ ከሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ ቆሞ የምታዩት ያ ትልቁ ቁራ ምን ዓይነት ወፍ እንደ ሆነ ለመግለጽ ነው።

ይህ ቁራ ከሌሎቹ የሚለይባቸው ምልክቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከአናቱ ኋላ እስከ ማጅራቱ የወረደው ነጭ ላባ ነው። ሁለተኛው ምንቃሩ ነው፤ ወፍራም፥ ጎባጣ፥ ጫፉ ነጣ ያለ፥ ለራሱም የከበደው የሚመስል። ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ በዓለም ካሉት የቁራ ወገኖች ሁሉ ከታላላቆቹ ይቈጠራል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሊቅ አገራችንን ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ለወፉ የሳይንስ ስም ሲያወጣለት «ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ» ያለው ስለዚህ ነው። ምንቃሩም ለጌጥ አልተሰጠውም። በግጦሽ ሜዳ ላይ ትል ሲፈልግ እንደ አጫጅ ማጭድ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ እበቱን ሲበትን ያየ ሰው ይህን ይረዳል።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር፥ ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ቋሚ ቤት የሌለው መሆኑ ነው። የቅርብ ዘመዱ፥ እርሱም ማጅራቱ ነጭ የሆነው፥ ከኬንያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ቆላ ተዘርግቷል።

የዚህ ምክንያት እንዲገባችሁ፥ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወርደውን መንገድ አስቡ። ጭሮ ያለችው በ1,800 ሜትር ከፍታ ግድም ነው፤ ሚኤሶ ግን በ1,300 ሜትር ግድም ነው። መንገዱ ጥቂት ሰዓት እንኳ ሳይፈጅ አየሩ ይሞቃል፥ ጽዱና ወይራው ቀርቶ ግራሩ ይጀምራል፥ ካፖርት ለብሶ የተነሣው መንገደኛ ካፖርቱን ያወልቃል። ባለ ነጭ ማጅራቱ ቁራ በብዛት የሚኖረው ከ1,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ያ ቁልቁለት ለእርሱ እንደ ባሕር ዳርቻ ነው። የጨርጨር ደጋ በሰሜን የአዋሽን ቆላ፥ በደቡብ የዋቢ ሸበሌን ቆላ ይመለከታል። ባሕሩ ውኃ ሳይሆን ሙቀት ነው እንጂ፥ ነገሩ ደሴት ነው። በቁኒ ሙክታር ተራራ በስሙ መጠለያ የተሰየመለት ደጋ አጋዘንም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የዚሁ ደሴት ተወላጅ ነው።

በእውነተኛ ደሴት ላይ የኖረ ሌላ ቁራ ደግሞ አለ። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በሃዋይ ደሴት «አላላ» የሚባል ቁራ ነበር። በ1890ዎቹ ገና በብዛት ይታይ ነበር። በኋላ ግን ጫካው ለከብትና ለእርሻ ተመነጠረ፤ በመርከብ የመጡት አይጥና ድመት ጫጩቱን ፈጁ፤ ገበሬውም ተኮሰበት። ከዚህ ሌላ ቢምቢ በመርከብ ገብታ የወፍ ወባ ተስፋፋ። ወባን ከዚያ በፊት የማያውቁት የደሴቲቱ ወፎች በቆላው አለቁ፤ የተረፉት ብርዱ ቢምቢን በሚከለክልበት በተራራው ላይ ነበር። ይህን ታሪክ ለጨርጨር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከወባ ሸሽቶ ደጋ መውጣት ምን እንደ ሆነ አያቶቻችን ያውቁታል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ቢምቢም ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ግን መሸሻ የለም።

በ2002 በዱር የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አላላዎች ጠፉ። ዛሬ ያሉት ሰው በጎጆ ያረባቸው ከመቶ የሚበልጡ ናቸው። ከ2016 ጀምሮ ጥቂቶቹ ወደ ጫካው ቢለቀቁ ጭልፊት ገደላቸው፤ በጎጆ ያደገ ወፍ ጠላቱን ከወላጁ አልተማረምና። ስለዚህ ጭልፊትን እንዲፈሩ ትምህርት ተሰጣቸው። ቁራ ፍርሃትን ከሰው ሲማር አስቡት! እርሱም አልበቃም፤ በ2020 የተረፉት ተይዘው ወደ ጎጆ ተመለሱ። በ2024 ደግሞ ያ ጭልፊት በሌለበት በጎረቤቱ በማዊ ደሴት አምስት ተለቅቀዋል።

የኛ ቁራ ዛሬ ለመጥፋት የተቃረበ አይደለም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ከሰው ጋር መኖርን ስላወቀ፥ ከቄራውና ከቆሻሻ መጣያው ድርሻውን ስለሚያገኝ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሰው መቅረቡ ለጉዳትም ያጋልጠዋል። በየከተማው ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ በሚቀመጥበት ጊዜ፥ የሞተው ውሻ በመንገድ ዳር ከተተወ መጀመሪያ የሚደርስበት ጥንብ አንሣና ቁራ ነው። የመርዙን ሥራ የሚያዝዝ ሹም ትእዛዙን ሲጽፍ፥ ሬሳው በዚያው ጠዋት ተሰብስቦ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር አንድ መስመር ቢጨምርበት ከወጪው ላይ የሚጨምረው የሁለት ሠራተኞች የግማሽ ቀን ጉልበት ነው።

በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ግቢ የቆዩትን ታላላቅ ዛፎች በሚመለከትም ጉዳዩ ያው ነው። ቅርንጫፉ መብራት ገመድ ነካ ተብሎ ዛፉ ከሥሩ እንዲቈረጥ ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ፥ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ።