ስለሚመላለሰው የእኅቶቻችን ማሳከክ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሴቶች ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ በለቅሶ ድንኳን ሥርም ሆነ በቡና ላይ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። እኛም ስናዘጋጀው አፍረን ነበር፤ ወንዶች ባሉበት ይነበብ አይነበብ በሚለው ላይም ብዙ ተከራክረናል። በመጨረሻ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል አሸነፈንና ይኸው ቆመናል። ጉዳዩም ሴቶችን ደጋግሞ የሚይዘው የብልት ማሳከክ፣ ሐኪሞች የፈንገስ ሕመም የሚሉት ነው።

ይህን ጉዳይ ያስነሣን በመካከላችን የደረሰ ነገር ነው። አንዲት እኅታችን፣ ስሟን ሳንጠራ እንድንናገር ፈቅዳልናለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕመም ተሠቃየች። ጎረቤት «ብርድ ነው፣ ወይባ ሙቂ» ይላታል፤ ትሞቃለች። አልሻል ሲላት መድኃኒት ቤት ሄዳ «ያንኑ ስጡኝ» ትላለች፤ ይሰጧታል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይተዋትና ይመለሳል። ባለቤቷ ደግሞ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ተቀየማት፤ ነገሩ ሽማግሌ እስከ መቀመጥ ደረሰ። እርሷ ሌሊት ሌሊት ውኃ እየጠማት እንደምትነሣ፣ ሽንትም እንደሚያመላልሳት ለማንም አልተናገረችም። በኋላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደሟ ተመረመረ፤ የስኳር በሽታ ተገኘባት። ስኳሩ በመድኃኒት ሲስተካከል ማሳከኩም ተዋት። ሁለት ዓመት የታገለችው ከጭሱ ጋር ነበር፤ እሳቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሕመም ምንድን ነው? ሕመሙን የሚያመጣው ካንዲዳ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ሲሆን፣ ወገኑ ሊጣችንንና ጠላችንን ከሚያቦካው እርሾ ጋር ነው። እንዲህ ስንል ግን እንጀራ የበላች ትታመማለች ማለታችን አይደለም። ካንዲዳ ምንም ሕመም በማይሰማቸው በብዙ ሴቶች ሰውነት ውስጥ በልኩ ይኖራል። በዚያው ቦታ እርጎን ከሚያረጉት ወገን የሆኑ ደግ ተሕዋስያንም አሉ። እነዚህ ደጎች ሲጠፉ፣ ወይም የሰውነት አቅም ሲደክም፣ እርሾው ቦታ አግኝቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ያን ጊዜ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ሽንት ሲሸኑ ይለበልባል፤ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ፈሳሽም ይታያል። መጥፎ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል ተብሎ ይገመታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጣ ግን «የሚመላለስ» ይባላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ላይ በያመቱ 138 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በሚመላለሰው ዓይነት እንደሚታመሙ ገምቷል። ስለዚህ እኅቶቻችን፣ «እኔን ብቻ ምን ነካኝ?» አትበሉ።

እንጅባራ ብርዳም አገር ስለሆነች የታመመውን ሁሉ «ብርድ መታኝ» ማለት ይቀናናል። ይህ ሕመም ግን ከአየር ብርድ አይመጣም። ደጋግሞ የሚያመጣው ምን እንደሆነ እንዘርዝር።

አንደኛ፣ የስኳር በሽታ ነው። ሁለተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጡ እንደ አሞክሳሲሊንና ቴትራሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ደግ ተሕዋስያኑን ይፈጁና እርሾውን ባለሜዳ ያደርጉታል። ለሳል ብለን የዋጥነው በሌላ በኩል ያሳክከናል። ሦስተኛ፣ እርግዝና ነው። አራተኛ፣ የሰውነት መከላከያ መድከም ነው፤ ኤች አይ ቪ አንዱ ምክንያት ስለሆነ መመርመር ይገባል። አምስተኛ፣ እርጥበት ነው። በእኛ አገር ክረምት የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ ያልደረቀና የጠበቀ የውስጥ ልብስ መልበስ ለፈንገሱ ይመቸዋል። ቢቻል የጥጥ ልብስ በደንብ አድርቆ መልበስ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ይነጻል ብለን ውስጥ ድረስ በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የምንታጠብ አለን። ኧረ ይቅርብን! ቁስሉን ያብሳል፤ ደጎቹንም ያጠፋል። ውጭውን በንጹሕ ውኃ ብቻ መታጠብ ይበቃል።

ሌላው ትልቅ ስሕተት የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ ይመስለናል። ፈሳሹ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ከሆነ፣ ሕመሙ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ያለ ወር አበባ ጊዜ ደም ከታየ፣ ከግንኙነት በኋላ ከደማ፣ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ከደማች አንዲትም ቀን ማደር የለባትም፤ የማሕፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሕመሙ ሲመላለስ ክኒኑን ከመድገም በፊት ፈሳሹ ይታይ፣ ደምም ይመርመር።

መድኃኒቱ አለ። አልፎ አልፎ ለሚመጣው በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ወይም አንድ ጊዜ የሚዋጥ ፍሉኮናዞል ይበቃል። የሚመላለሰው ግን መጀመሪያ ጠንከር ብሎ ይታከምና ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ድረስ ይወሰዳል። ማሳከኩ ተወኝ ብሎ በመንገድ ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ መጥራት ነው። ነፍሰ ጡር እኅት ግን የሚዋጠውን አትውሰድ፤ መሆኗን አስቀድማ ለሐኪም ትናገር።

ለዚህ ሕመም መድኃኒት የተገኘው በሁለት ሴቶች ትብብር መሆኑን ብናነሣ ደስ ይለናል። በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ኤልሳቤጥ ሄዘንና ሬቸል ብራውን በተለያዩ ከተሞች ተቀምጠው ናሙና በፖስታ እየተላላኩ ኒስታቲን የተባለውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ከአፈር ውስጥ ካለ ተሕዋስ አገኙ። ከመድኃኒቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢም ለራሳቸው አላደረጉትም፤ ለሳይንስ ምርምር አዋሉት። አዋጥቶ ለሌላ ማዋል ለእኛ ለእድርተኞች እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ለወንዶች አባሎቻችን አንድ ቃል አለን። ይህ ሕመም ከአባለዘር በሽታዎች አይቆጠርም፤ ወንድ ያላወቀች ልጃገረድንም ይይዛል። ስለዚህ የሚስት መታመም የጥፋቷ ምስክር አይደለም። ባልም ምልክት ከሌለበት አብዛኛውን ጊዜ መታከም አያስፈልገውም፤ ካሳከከው ግን አብሯት ይሂድ። «ከየት አመጣሽው?» ከማለት «ነይ፣ እንሂድ» ማለት ትዳርን ያቆማል።

ወዴት እንሂድ ለምትሉ፣ በቅድሚያ በየአካባቢያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ፤ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ካለፈ እንጅባራ ሆስፒታል፣ በዳንግላ በኩል ያላችሁ ዘመዶቻችንም ዳንግላ ሆስፒታል አለላችሁ። የጤና መድን ያላችሁ መታወቂያችሁን መያዝ አትርሱ።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች የኤድስ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው እንደነበር ይታወሳል። እኛም በአቅማችን፣ አንደኛ፣ በሴቶች የወር ቡና ላይ የጤና ባለሙያ ተጋብዛ እንድታስተምረን፤ ሁለተኛ፣ ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ ያጣች አባል ምክንያቱን ሳትጠየቅ ከሣጥኑ ተበድራ ቀስ ብላ እንድትከፍል ይፈቀድልን። ስንሞት ድንኳን የሚተክልልን እድር፣ በሕይወት ሳለን ለአንድ የደም ምርመራ ቢደርስልን ብዙ ለቅሶ ይቀንስልናል።