ቁልቁለትም ሥራ ነው

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ፥ «አገር በስንት ጉዳይ ተይዛ ሳለ ስለ ቢስክሌት መናገር ምን ይባላል?» ብለው የጠየቁ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ ሰምተናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችን ከንግግሩ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን።

የምንናገርለት ቢስክሌት ባለ ቋሚ ማርሽ የሚባለው ነው። ሁላችንም በምናውቀው ቢስክሌት ፔዳሉን መምታት ብንተው ጎማው በራሱ ይሮጣል፤ ቁልቁለት ሲሆን እግራችንን አሳርፈን ነፋሱን እየተቀበልን እንወርዳለን። በባለ ቋሚ ማርሹ ግን የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ ስለ ታሰረ፥ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ካቴናው ይሳባል፤ ካቴናው እስከ ተሳበ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፤ ፔዳሉ እስከ ዞረም ድረስ እግር ዕረፍት የለውም። ከፍሬኑ ሌላ ፍጥነት መቀነሻው፥ የሚዞረውን ፔዳል በእግር ጡንቻ መቃወም ነው። በአጭሩ ይኽ መሣሪያ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ መሥራት፥ ወይ ወርዶ መቆም።

ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳንናገረው ሦስት ሆነን አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሰን ለመመለስ ተነሣን። መንገዱ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሦስቱ ቢስክሌቶች ሁለቱ እንደ ማንኛውም ነበሩ፤ ሦስተኛውን የሰፈራችን ቢስክሌት ጠጋኝ የኋላውን ማርሽ ለውጦ ቋሚ አደረገልን። «የሚያሳርፈውን አስወልቆ የማያሳርፈውን የሚያስገባ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» እያለ ሳቀብን። እኛም ሸክሙ ባንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ በየ15 ኪሎ ሜትሩ ልንቀያየር ተስማማን።

አዲስ አበባ ከቢሾፍቱ 400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል መሄጃው በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፥ እኛም ቁልቁለቱን እንደ ስጦታ ቈጥረነው ነበር። ወደ ቃሊቲ በሚወርደው መንገድ ላይ ከእኛ አንዱ በልማድ እግሩን አቆመ፤ ፔዳሉ ግን አልቆመም፤ ከኮርቻው አንሥቶ መንገድ ዳር ጣለው። ጉልበቱና ክንዱ ተላጡ፤ በዚያች ደቂቃ የጭነት መኪና ከኋላው አለመኖሩ የእግዚአብሔር ቸርነት ነበር።

አስቀድመን ሒሳቡን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ባልተደነቅንም ነበር። የፊቱ ጥርስ 48፥ የኋላው 18፥ የጎማው ዙሪያ ደግሞ 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ በአንድ የፔዳል ዙር ቢስክሌቱ 5.6 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ይኽ በደቂቃ ወደ 60 ዙር ነው፤ ለጤነኛ ሰው አይከብድም። ቁልቁለቱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲያስሮጠው ግን እግሩ በደቂቃ 134 ጊዜ መዞር አለበት። ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 30 ዙር ይወርዳል፤ ያን ጊዜም እያንዳንዱ ዙር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እንግዲህ የዚህ ነጂ ጥበብ ቁልቁለት ላይ ራሱን መግታት፥ ዳገት ላይ ሳይቸኩል መግፋት ነው። ቁልቁለትም ሥራ ነው ማለታችን ከዚህ የተነሣ ነው።

እንዲህ ባለው መሣሪያ ረዥም መንገድ መሄድ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. «ለ ፕቲ ዡርናል» የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውድድር አዘጋጀ። ጎማውን በነጻ የሚለቀው ማርሽ በዚያን ጊዜ ገና አልተለመደም። ከ200 በላይ ሰዎች ጀምረው የጨረሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው። አሸናፊው ሻርል ቴሮን፥ ተወዳዳሪው ዢየል ላቫል ተኝቶ ሳለ በሌሊት አልፎት በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገባ። ይኽን መንገድ በእኛ ቢስክሌት ጥርስ ብናሰላው ከ214,000 የሚበልጥ የፔዳል ዙር ነው፤ ከዚያ ሁሉ አንዱን ዙር እንኳ ቁልቁለት አይመርቅም።

መንገዱ ዛሬም ይነዳል። በየአራት ዓመቱ የሚደረግ ሲሆን በ2023 ዓ.ም. ተደርጓል፤ ለነጂዎቹ የተፈቀደው ትልቁ ጊዜ 90 ሰዓት ነው። በየጣቢያው ካርዳቸውን እያስመቱ፥ ሲደክማቸው ጥቂት እየተኙ ይሄዳሉ። ዛሬ ብዙ ማርሽ ያለው ቢስክሌት በየሱቁ ሞልቶ ሳለ፥ ወደው ባለ ቋሚ ማርሹን ይዘው የሚመጡ አይጠፉም።

ከዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ፥ ማርሽ መቀያየር ከ45 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚገባ ነገር ነው ብሎ በ1902 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ሰውየው ራሱ ነጂ ነበር፤ በ1893 ዓ.ም. በአንድ ሰዓት 35.325 ኪሎ ሜትር ነድቷል። በኋላ ግን የጋዜጣ አዘጋጅና የውድድር አዛዥ ሆኖ፥ የእርሱን ምርጫ ለሌሎች ሕግ አደረገው። ማርሽ መቀያየሪያው በቱር ደ ፍራንስ የተፈቀደው በ1937 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ነጂው ከተራራ ግርጌ ሲደርስ ወርዶ፥ የኋላውን ጎማ ፈትቶና ገልብጦ በሌላው ጎኑ ባለው ጥርስ ይወጣ ነበር። በሌላ ወገን ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም የታወቀው የሴንት ኤትየን ሰው ፖል ደ ቪቪ (1853–1930)፥ ብዙ ማርሽ ያለውን ቢስክሌት በራሱ እግር እየፈተነ፥ ተራራ እየወጣ፥ በመጽሔቱ ይከራከርለት ነበር።

ማን ትክክል ነበር? ለመፍረድ ወደ ቢሾፍቱ መንገዳችን እንመለስ።

ስንመለስ ዳገቱ መጣ። የወደቀው ጓደኛችን ጉልበቱን አመካኘ፤ ሌላው ሆዱን። የቀረው ከሦስታችን በዕድሜ የሚያንሰው ፍሬሽማን ነበር። «አንተ ወጣት ነህ፤ ትችለዋለህ» አልነው። የ15 ኪሎ ሜትሩ ስምምነት ተረሳ። እርሱም አንድ ቃል ሳይመልስ ከዱከም እስከ አዲስ አበባ ያንን ቢስክሌት ገፋ። እኛ ከፊት ሆነን እየጠበቅነው «ጎበዝ! እንዲህ ነው ጽናት!» እያልን አሞገስነው። ማታ ለብቻችን ስንሆን ግን ሁለታችንም አፈርን። የሠራነው ደግራንዥ የሠራውን ነበርና፤ የጣልንበትን ሸክም በምስጋና ሸፈንነው።

እንግዲህ አሳባችን ይኽ ነው። ሰው በፈቃዱ የማያሳርፈውን መሣሪያ ቢመርጥ ብዙ ይማራል፤ ጉልበቱን ከፍሎ መጠቀምን፥ ድካሙን ሳይደብቅ ማወቅን፥ የቀለለው መንገድም ጥንቃቄ እንደሚሻ ይማራል። ይኽን የመረጠውን እናከብራለን። ነገር ግን የተሻለ መሣሪያ ሳለ ሌላው በባሰው እንዲደክም አዝዞ፥ ድካሙን ጽናት ብሎ ማሞገስ በደል ነው። በቤታችን ውኃ የምትቀዳውን እኅታችንን፥ በሬ ጠምዶ የሚያርሰውን ገበሬ አባታችንን «እንዴት ብርቱ ናቸው!» ብለን ስናደንቅ፥ ይኽን ብርታት መርጠውታል ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል። በመጀመሪያ ለተጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው።

ለመሞከር ለምትፈልጉ ምክር አለን። ጉልበት እንዳይጐዳ የኋላውን ጥርስ ቍጥር ከፍ አድርጉ፤ የፊት ፍሬን አታስፈቱ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ወርዳችሁ ተኙ፤ ከሁሉ በላይ ተራችሁን አክብሩ።

ያ ፍሬሽማን ዛሬ ማታ ከመካከላችሁ ተቀምጧል። ይቅርታ ጠይቀነዋል። ከአንድ ወር በኋላ ቢስክሌቱን ራሱ ጠይቆን፥ ብቻውን ቢሾፍቱ ደርሶ ተመለሰ። እንዴት ነበር ብንለው፥ «ዳገቱ ያው ነው፤ በዚህኛው ግን ማንም አልላከኝም» አለን።