በጠባብ መንገድ ማን ይቅደም?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በቅዳሜ የጨዋታ ቡድን ስም የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ይህን ሰዓት የሰጡን የዓመቱን ሒሳብ አቅርበን ከጨረስን በኋላ ነው። አሁን የምንናገረው በዚያ ሒሳብ ውስጥ ስለሌለ ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቁጠባው ብር ተሰብስቦ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ በአዳራሹ ጥግ፣ በጠረጴዛ ላይ ስለምንጫወተው የጦር ጨዋታ ነው። በሒሳቡ ያልገባው ተደብቆ አይደለም፤ ከማኅበሩ ሣጥን አንድም ብር ስላልወጣበት ነው። ሰሌዳው የዘይት ካርቶን ነው። ምስሎቹን ሸክላ የሚሠሩ እናታችን ከተረፋቸው ጭቃ ጠፍጥፈው ሰጡን። እንዳይወድቁ የተጣበቁበት መቆሚያ የለስላሳ ቆርኪ ነው። የተገዛው ዳይሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከኪሳችን።

የተነሣው ጥያቄ ግን የብር አይደለም። ከእናቶቻችን አንዷ፣ «ጦርነቱ ያነሰን ይመስል በካርቶን ደግሞ ልንዋጋ ነው?» ብለውናል። ከደጋፊዎቻችንም «ይህ ለሴቶች ምን ይጠቅማል?» ብለው የጠየቁን አሉ። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሳችን ትንሽ ዞር ብሎ ይመጣልና ታገሡን።

በጠረጴዛ ላይ ጦርነት መጫወት ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ነበራቸው። የአሁኑ ቼዝ ዘመድ ነው፤ ሰሌዳው ግን ጥቁርና ነጭ ሳይሆን ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፈረስ፣ መደቅ እየተባሉ የሚጠሩ ምስሎች ይሰለፉበታል። ከሌላው ዓለም ጨዋታ የሚለየው ዋናው ነገር አጀማመሩ ነው። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ እጃቸው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ምስል እስኪበላ ድረስ ያለው ይህ ግርግር «ወረራ» ይባል ነበር። የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፎታል። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። ስለዚህ «ሴት ልጅና የጦር ጨዋታ ምንና ምን ናቸው?» ለሚሉን መልሱ ከእኛ በፊት ተሰጥቷል።

ሰንጠረዥ ግን ሜዳ ነው፤ ስምንት በስምንት የሆነ ሰፊ ሜዳ። የእኛ አገር ደግሞ ሜዳው አናት ላይ ነው እንጂ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን ግድግዳ፤ አህያ ከአህያ ጋር ከተገናኘች አንዷ ወደ ኋላ መመለስ አለባት። ለዚህ መልክዓ ምድር የሚስማማው ሰሌዳ ሌላ ዓይነት ነው።

በውጭው ዓለም የጦር ጨዋታ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1824 አንድ የፕሩሲያ መኮንን ለጦር መኮንኖች መማሪያ የሚሆን የጠረጴዛ ጨዋታ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ጦር ተለመደ። ኤች. ጂ. ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች የሚጫወቱትን ጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ አወጣ። በርእሱ ገጽ ላይ ጨዋታው ለማን እንደሆነ ሲናገር ከአሥራ ሁለት ዓመት እስከ መቶ ኀምሳ ዓመት ላሉ ወንዶች ልጆች፣ እንዲሁም የወንዶችን ጨዋታ ለሚወዱ ብልህ ሴቶች ልጆች ይላል። እናቶችን ረስቷል፤ ይቅር ብለነዋል። ዌልስ ራሱ እውነተኛ ጦርነት የሚጠላ ሰው ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ።

እኛን የሳበን ከእነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ አገር የወጣው «ስፔስ ኸልክ» የተባለው ነው። ሰሌዳው ሜዳ ሳይሆን አንድ ምስል ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ ነው፤ ኮሪደር። (የከተማውን ኮሪደር ልማት አይደለም።) ጥቂት ከባድ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች በኮሪደሩ ይሄዳሉ፤ ብዙና ፈጣን ጠላት ከየበሩ ይመጣባቸዋል። ወታደሩ በአንድ ተራ አራት ነገር ብቻ ማድረግ ይችላል፤ ጠላቱ ስድስት። ወደ ጎን መዞር ራሱ ከአራቱ አንዱን ይበላል። ከማኅበራችን ልጆች አንዷ አዲስ አበባ ስትማር ተጫውታው ሕጉን ይዛልን መጣች፤ እኛም ለቀየት እንዲስማማ አድርገን ቀየርነው።

የለወጥነው ዋናው ነገር ይህ ነው። በእነሱ ጨዋታ ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ተዋጊ ነው። በእኛ ግን አራት ዘበኞች አሉ፤ ከእነሱ ጋር የማይዋጉ አምስት አሉ። አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች ልጅ፣ በቃሬዛ የተኛ ቁስለኛና እህል የተጫነች አህያ። አሮጊቷ በተራ ሁለት እርምጃ ብቻ ትሄዳለች። ቃሬዛው የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። አህያዋ በኮሪደር ውስጥ መዞር አትችልም። በጠባቡ መንገድ አንዱ ሌላውን ማለፍ አይችልም፤ መተላለፍ የሚቻለው መገናኛው ላይ ብቻ ነው። ማሸነፍ ማለት ጠላት መግደል ሳይሆን እነዚህን አምስቱን በወዲያኛው በር ማውጣት ነው። ለወራሪው ስም አንሰጠውም። ብሔርም ባንዲራም የለውም፤ በዚህ ሕግ ቀልድ የለም፤ የጣሰ ከጠረጴዛው ይነሣል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አሰላለፍ ያደርጉ ነበር። አራቱን ዘበኞች ፊት፣ የቀረውን ከኋላ። ፊት ለፊት ያለው መንገድ እንደ ብረት ጠነከረ። ከዚያ ወራሪው ከኋላ በር ብቅ ይላል። ዘበኞቹ ይዞራሉ፤ መዞሩ አንድ እርምጃ በላ። ከእነሱና ከወራሪው መካከል አህያዋ፣ ቃሬዛውና አሮጊቷ ቆመዋል። መተኮስ አይቻልም፤ ማለፍም አይቻልም። አራት ጠብመንጃ ተይዞ አንዱም ሳይተኮስ አሮጊቷ ትያዛለች። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ እናውቀዋለን፤ ብር ባንክ ተቀምጦ ደመወዝ ቀን እጅ ሲያጥር ማለት ነው። ብዛቱ ሳይሆን ያለበት ቦታ ነው የሚያስጨንቀው።

ጥግ ላይ ሱፍ እየፈተሉ የሚያዩን እማማ ነበሩ። ሦስት ቅዳሜ ዝም ብለው አዩ። በአራተኛው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ከብት ስትነዱ ሁላችሁም ፊት ፊት ነው የምትሄዱት?» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰላለፉ ተለወጠ። አንድ ዘበኛ ከፊት፣ አንድ ከመጨረሻ፣ ሁለቱ መገናኛ መገናኛውን እየቀደሙ የሚይዙ ሆኑ። አሮጊቷም ከኋላ ቀርታ የነበረችው ወደ ፊት መጣች፤ ሰልፉ ሁሉ በእሷ እርምጃ ይሄዳል። ልጆቹ «ይህማ ያዘገየናል» ብለው ነበር። ያዘገያል፤ ግን ሰልፉ አይበጠስም። ፈጣኑ ቀድሞ ሲሄድ በመካከል የሚከፈተው ክፍት ቦታ ነው ወራሪው የሚገባበት።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በነጥብ አሰጣጡ ነው፤ ይህን በሰፊው እንንገራችሁ፤ ምክንያቱም የጨዋታው ፍሬ እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ነጥብ፣ ለአህያዋና ለጭነቱ ሁለት ነጥብ ሰጠን። የተማርነው ሰዎች ነን፤ ሰው ከእህል ይበልጣል ብለን ነው። አንዲት ልጅ በዚህ ነጥብ ብልሃት አገኘች። አህያዋን ኮሪደሩ ውስጥ ትተዋት ትሄዳለች፤ አህያዋ መንገድ ትዘጋለች፤ ወራሪው እሷን እስኪያነሣ አራቱም ሰዎች ወጥተዋል። አርባ ነጥብ። አጨበጨብን። እናቶች ግን አላጨበጨቡም። «እህሉ የክረምት ቀለብ ነው። ያለ እህል የደረሰ ሰው በማን ደጅ ነው የሚቀመጠው?» አሉ። ጭነቱ ስድስት ይሁን ተባለ፤ ከዚያ ስምንት ተባለ። አንዷ እናት ደግሞ ተቃራኒውን ተናገሩ። «እኔ ለአህያ ብዬ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ ነጥቡን ከፍ ካደረጋችሁት ልጆቹ መመለስን ይማራሉ» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እስከ ዛሬ በስድስት ነው የምንጫወተው፤ የተስማማንበት ግን አይደለም።

ከዚህ ክርክር በኋላ ነው ጨዋታው ሌላ ነገር የሆነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ጊዜ ከመካከላችን ከቤቱ የወጣ አለ፤ የወጣውን የተቀበለ አለ። ስለዚያ ሰሞን ስንገናኝ «እግዚአብሔር አወጣን» ከማለት አልፈን አውርተን አናውቅም ነበር። በሰሌዳው ላይ ግን ጣታቸውን እያስቀመጡ መናገር ጀመሩ። «እኔ ፊት ነበርሁ፤ ልጆቹን ይዤ። እናቴ ከኋላ ነበረች።» «እኛ ሌሊት ነው የወጣነው፤ ዘወር ስል ምራቴ የለችም።» ሰልፉን በቆርኪ ሲያሳዩን ነው በየቤቱ ያለው ነገር አንድ መሆኑን ያየነው። ብርቱው ፊት ይሄዳል፤ ደካማው ከኋላ ይቀራል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ አስቀድሞ የተነጋገረ ቤት የለም።

አሁን ተነጋግረናል። በየቁጠባ ቡድኑ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ወላድ ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ታውቋል። መንገድ መውጣት ቢመጣ፣ ገደል ቢናድ፣ እሳት ቢነሣ ማን ወደ ማን ቤት ቀድማ እንደምትሄድ ተነግሯል። በወረቀት አልጻፍነውም፤ ሁሉም የየራሱን በቃሉ ያውቃል። «ምን ይጠቅማል?» ላላችሁን ደጋፊዎቻችን የምናሳያችሁ ይህን ነው። ጨዋታው ቁጠባን ጨመረ አንላችሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሪፖርታችን አታገኙም።

አንድ ጉዳይ ይቀረናል፤ ከባዱ እሱ ነው። ከልጆቻችን ጥቂቶቹ የሚቀጥለው ሰሌዳ የዘረት ዋሻ ይሁን ብለው ጠየቁ። ታሪኩን ለማታውቁ እንግዶቻችን፤ በዚሁ በመንዝ ምድር፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን፣ ከአርበኛው ተሾመ ሽንቁጥ ጋር የነበሩ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ልጆች ዘረት በሚባለው ቦታ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ተጠለሉ። የጣሊያን ጦር ከበባቸው። ዋሻው በጥይት አልሰበር ሲል የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ እጅ ሰጥተው ከወጡትም ብዙ መቶዎቹን ረሸነ። የአካባቢው ሰው ሲያስታውሰው ኖሯል፤ ዓለም የሰማው ግን ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በጣሊያን የጦር መዛግብት ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲያደርገው ነው።

ልጆቹ በክፋት አልጠየቁም። «በእኛ ሰሌዳ ላይ ያሉት እኮ እነሱው ናቸው፤ አሮጊት፣ ቁስለኛ፣ አዛይ፤ ታሪካችንን እንማርበት» ነው ያሉት። ከእናቶቻችን ደግሞ «አያቶቻችን የቀሩበትን ዋሻ በዳይስ አንጫወትበትም» ያሉ አሉ። ሁለት ቅዳሜ ተወያየንበት። በመጨረሻ የእኛ ቡድን አንሠራውም አለ። ምክንያታችን የአክብሮት ብቻ አይደለም፤ የጨዋታም ነው። ጨዋታ ማለት በትክክል ብትሰለፍ የምታድንበት ዕድል ያለበት ነገር ነው። ዘረት ላይ በሩ አንድ ወገን በመርዝ ተዘግቶ ነበር። አሮጊቷን ፊት ብታደርግ፣ ዘበኛውን ኋላ ብታቆም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ያንን ሰሌዳ ሠርተን ልጆቻችን ቢሸነፉ ጥፋቱ የሟቾቹ አሰላለፍ እንደነበር እናስተምራቸዋለን፤ ቢያሸንፉ ደግሞ ውሸት እናስተምራቸዋለን። ስለዚህ ታሪኩን ጠረጴዛው ሳይዘረጋ፣ ከሚያውቁት አረጋውያን አፍ እንሰማዋለን። ከልጆቹ አንዷ እስከ አሁን አልተቀበለችንም፤ «የማንጫወተውን እንረሳዋለን» ትላለች። ይህን ቃሏን በዚህ ጉባኤ እንድናደርስላት ለምናናለችና አድርሰናል።

የሚቀጥለው ሰሌዳችን ድልድይና ሁለት መውጫ ያለው ይሆናል። እማማ፣ «የክረምት ወንዝ ካልገባበት የእኛ አገር መንገድ አይመስልም» ብለው አዝዘዋል፤ በየሦስት ተራው ውኃ የሚሞላ መሻገሪያ እየሠራን ነው። ለዚህ ካርቶን ያንሰናል። የዘይትም የሳሙናም ካርቶን ያላችሁ አትጣሉት፤ ቅዳሜ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። ቆርኪ በቂ አለን። ቁስለኛው ግን ባለፈው ሳምንት ከጠረጴዛ ወድቆ ተሰብሯልና ሸክላ የሚሠሩትን እናታችንን እዚሁ በሁላችሁ ፊት ሌላ እንዲሠሩልን እንለምናለን፤ ቃሬዛው ደኅና ነው።